ጋሼ ታዬን በሁለት አርመን የለወጥኩ ጊዜ

የሚሸነፍ ቡድን ውስጥ ጠብ የለም። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የሚያሸንፍ ቡድን ውስጥ ግቡ፤ ይሰዳደባሉ፣ ማሊያ ይወራወራሉ፣ አሰልጣኙን ያማሉ። የሚሸነፍ ቡድን ግን እንዴት ያለ ጨዋ ነው! መረቡ እስኪቀደድ ጎል ገብቶባቸው ሲወጡ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው "አይዞን፣ ዕድል ነው" ይባባላሉ። ዕድል ምስኪኗ! ስንቱን ሰነፍ ተሸከመች!

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። መጽሐፍማ አንብቤ ነበር። አዲስ አበባ ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ ጋዋን ለብሼ፣ ፎቶ ተነስቼ ነው የመጣሁት። ይህን ያወቅኩት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በረዶ ላይ ነው። አዎ፣ በረዶ። ዌስትቼስተር ውስጥ፣ አውሮፕላኖቹ ጣሪያውን ሊነኩት ደርሰው የሚያልፉት አንድ አዳራሽ ነበር። ውጭ ሰው በካናቴራ እየዞረ ያልበዋል፤ ውስጥ በረዶ ተነጥፎ ሰው ካፖርት ለብሶ ይቀመጣል። በፈረንጅ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ እዚያ ነበር የምሠራው። ሥራዬ ፎቅ ላይ ላሉት የቢሮ ሰዎች ቡናና ሳንድዊች ማመላለስ ነው። ዲግሪዬን የጠየቀኝ የለም። ሰናፍጭ ይጨመር አይጨመር ግን ሁሌ ይጠይቁኛል።

ሆኪ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጫማቸው ሥር ምላጭ ያሰሩ ሰዎች ዱላ ይዘው አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ያባርራሉ። ጎማዋን ያጣው ሰው ያገኘውን ሰው ግድግዳ ላይ ያላትመዋል። ይሄ ይፈቀዳል። ከልክ ሲያልፍ ዳኛው እንደ ረባሽ ተማሪ አስወጥቶ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠውና ትንሽ ቆይቶ ይመልሰዋል። ፊት ለፊት ጥርስ ያለው ተጫዋች ካያችሁ አዲስ የመጣ ነው።

የአዳራሹ ቡድን ከትልቁ ሊግ በታች ባለው ሊግ ውስጥ የሚጫወት፣ እዚያም ውስጥ ከታች የተቀመጠ ቡድን ነበር። ባለቤቶቹ ሲሰለቻቸው አዲስ ጄኔራል ማናጀር ቀጠሩ። አሰልጣኝ አይደለም፤ አሰልጣኙ ሌላ ነው። ማናጀሩ ማን ይምጣ፣ ማን ይሂድ የሚለውን ነው የሚወስነው። አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ቁርሱ ሁሌ የተቀቀለ እንቁላል የሆነ ካናዳዊ ነው።

መጀመሪያ ምንም አላደረገም። ጋዜጠኞቹ ምን ልታደርግ ነው ሲሉት እንቁላሉን ይልጣል። ጨዋታ ሲኖር ላይኛው ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። አንድ ቀን ቡና ይዤለት ወጣሁ። ጎማዋ ወዲያ ማዶ ልትገባ ደርሳ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ይጮሃል። እሱ ወዲህ ማዶ ያያል። ጌታዬ፣ ጨዋታው በዚያ በኩል ነው አልኩት። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ጎማ ይዞ መሄድ ማንም ይችላል፣ እኔ የማየው ተነጥቆ የሚመለሰውን ነው አለኝ። ማን ሮጦ ይመለሳል? ማን ቆሞ እጁን ያነሳል?

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። የቡድኑ ካፒቴን ሰው ሁሉ የሚያፈቅረው ሰው ነበር። ሕፃናት ስሙ የተጻፈበት ማሊያ ይለብሳሉ። አንድ ማለዳ ማናጀሩ እንቁላሉን አስቀምጦ ስልክ አነሳና ካፒቴኑን ለሌላ ቡድን ሰጠው። በምትኩ ስማቸውን ማንም የማያውቅ ሁለት ወጣቶች ተቀበለ። በዚያ ላይ ደግሞ ያኛው ቡድን በሚመጣው ዓመት ከሚያገኛቸው ጀማሪዎች አንዱን ቀድሞ የመውሰድ መብት። ገና ያልመጣ ልጅ! ምናልባት ገና ጢም ያላወጣ ልጅ! ሳንድዊቹን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ሰው የሚወደውን ሰው እንዴት ትሰጣለህ አልኩት። ለዚህ ነው የሰጠሁት አለኝ። "ተሸናፊ ቡድን ውስጥ አንድ የሚወደድ ሰው ካለ ሌሎቹ አይጫወቱም። ቆመው እሱን ያያሉ።"

ካፒቴኑን በዚያው ቀን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ጫማውን በከረጢት ይዟል። ጨበጠኝ፣ ሳንድዊች አነሳ፣ ሄደ። በቃ! ሽማግሌ የላከ የለም። የተኳረፈ የለም። አክስቱ አልደወለችም። እንዲህም ይኖራል ለካ!

አሁን ወደኛ ልምጣ።

ያኔ ፌርፋክስ ዛሬ የምታውቁት የሀበሻ ሰፈር አልነበረም። የአይሁዶች ዳቦ ቤትና አሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው የነበረው። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ግን ጋሼ ታዬ የሚኖሩበት አፓርታማ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጋሼ ታዬ ኤርፖርት ይቀበላሉ፣ ፍራሽ ያነጥፋሉ፣ ሥራ ያፈላልጋሉ፣ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና መኪናቸውን ያውሳሉ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸውን አልክድም። ችግሩ እግር ኳስም ይጫወታሉ።

አገር ቤት በወጣትነታቸው ለአንድ ክለብ ተሰልፈው በጭንቅላት ያገቧት ጎል አለች። ያየናት የለንም፤ ሰምተናታል። በተነገረች ቁጥር የገባችበት ርቀት ይጨምራል። እኔ ስደርስ ከመሀል ሜዳ አለፍ ብላ ነበር።

ሳንታ ሞኒካ አጠገብ ባለ መናፈሻ፣ እሁድ እሁድ፣ የስደተኛ ቡድኖች የሚጫወቱበት ሊግ ነበረ። ሜክሲኮዎች፣ ናይጄሪያዎች፣ ከግሌንዴል የሚመጡ አርመኖች፣ ሊጉን የሚመራው አንድ ደረቅ እንግሊዛዊ፣ እና እኛ። እኛ የሁሉም ወዳጅ ነበርን። ማን ይጠላናል? ከእኛ ጋር የተጫወተ ሁሉ አሸንፎ ነው የሚሄደው።

ለምን እንደምንሸነፍ ልንገራችሁ፤ ይሄን ሌላ አገር አታገኙትም። የእኛ አሰላለፍ የሚወጣው በችሎታ አልነበረም። በአመጣጥ ነው። አሜሪካ ቀድሞ የገባ አጥቂ ይሆናል። ቀጥሎ የገባ አማካይ። ኋላ የደረሰ ተከላካይ። መጨረሻ የመጣው፣ ሻንጣው ላይ የአየር መንገዱ ወረቀት እንኳ ያልተነሳለት ልጅ፣ በረኛ! አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከጋሼ ታዬ ቀጥሎ ኤርፖርት የሚሮጠው በረኛው ነው። ዕድገት አገኘ ማለት ነዋ። ሻንጣውን እየተሸከመለት "ቁመትህ ጥሩ ነው" ይለዋል። አንዱ ዓርብ ገብቶ እሁድ ጎል ውስጥ ቆመ። ሰውነቱ ገና የአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ስለነበረ ምሰሶውን ተደግፎ አንቀላፋ። ደግነቱ ጎል ሲገባ የሕዝቡ ጩኸት ይቀሰቅሰዋል። በተደጋጋሚ ነው የነቃው።

ከሁሉ ቀድመው የመጡት ጋሼ ታዬ መሀል አጥቂ ናቸው። አይሮጡም። የተቃራኒው ጎል አጠገብ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ። እጃቸው ከተነሳች ኳሷ ትሄዳለች። ዳንኤል የሚባል ፈጣን ልጅ ነበረን፤ ባዶ ጎል ፊት ቢደርስ እንኳ መለስ ብሎ ጋሼን ይፈልጋል። "ይቅርታ ጋሼ፣ ይምቷት" ይላል። ጋሼ ሰውነታቸውን አስተካክለው እስኪመቱ አርመኑ ኳሷን ወስዶ ሄዷል። ዳንኤልን ለምን ራስህ አትመታም ብዬ ብጠይቀው ደነገጠ። "እንዴት ብዬ? የተኛሁት እኮ ጋሼ ቤት ነው!"

ታዲያ ምን አለበት፣ ጨዋታ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ያኔ አገር ቤት የነበረውን ታውቃላችሁ። በየአፓርታማው የተለየ ጽሑፍ ይነበባል፣ የተለየ ስብሰባ ይደረጋል፤ በአንድ ፍራሽ የተኙ ልጆች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ሁሉም አንድ ላይ የሚቆሙት እሁድ፣ ያቺ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ገና የራሳችን አልነበረንም። እንግሊዛዊው ደግሞ አስጠነቀቀን። አምና መጨረሻ ወጥታችኋል፤ ዘንድሮም መጨረሻ ከወጣችሁ ቦታችሁን ወረፋ ለሚጠብቅ ቡድን እሰጣለሁ አለን። የዓመቱ ግማሽ አልፎ ነበር። መጨረሻ ነን።

በዚህ ጊዜ ነው ማናጀር ያደረጉኝ። አትሳሳቱ፤ ሹመት መስሏቸው አይደለም። ማሊያ የሚያጥብ ጠፍቶ ነው። እኔ ግን ማናጀር ከተባልኩ ማናጀር ነኝ አልኩ። እንደ ካናዳዊው ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁና ብቻዬን ተቀመጥኩ። ኳሷን ትቼ የሚመለሰውን ማየት ጀመርኩ። ዳንኤል ይመለሳል። አማካዮቹ ይመለሳሉ። ጋሼ ታዬ እጃቸውን ያነሳሉ።

ቡድናችን እግር አጥቶ አልነበረም። የበዛበት ውለታ ነው። ይሄን እኔ ነኝ ያገኘሁት፤ ሌላ ሰው አገኘሁት ካላችሁ ውሸት ነው።

የግሌንዴሉ አሰልጣኝ ሃጎፕ ይባላል። ጫማ ሠሪ ነው። በዚያው ሰሞን የእሱንም ቡድን አየሁ። ክንፎቹ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠው ኳሷን ወደኋላ ይመልሷታል፤ ጎሉ ፊት ግን የሚጠብቃት ሰው የለም። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ ጎል ፊት መቆም የሚያውቅ ሰው ማን ነው? በዚያ ላይ ሃጎፕ ቫርታን የሚባል ድንጋይ የመሰለ በረኛ አለው። አያሰልፈውም። ቫርታን አፉ አያርፍም፤ ሃጎፕን በሕዝብ ፊት ሰድቦ ይቅርታ አልጠይቅም ብሏል። ሌላም አንድ ፈጣን የክንፍ ልጅ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ የወንድሙ ልጅ ስለሆነ አድሎ እንዳይባል።

ለሃጎፕ ከአዳራሹ ስልክ ደወልኩ። ታዬን ልስጥህ፣ ቫርታንንና የወንድምህን ልጅ ስጠኝ አልኩት። ማናጀሩ በሩ ላይ ቆሞ እንቁላል እየበላ ያዳምጣል። ያወራሁት በእንግሊዝኛ መሆኑን ረስቼ፣ ስልኩን በእጄ ከደንኩና የሰማኸው ነገር አለ ወይ አልኩት። የሚመጣውንም ጠይቅ አለኝ። እኔም ከቤይሩት ወደ እናንተ የሚመጣው ቀጣይ ወጣት የእኛ ይሁን ብዬ ጨመርኩ። ሃጎፕ ሳቀ። "የሚመጣው አማቴ ነው፤ ውሰደው" አለ። አማቱን ተውኩለት። በማግስቱ ሁለታችንም እንግሊዛዊው ዘንድ ሄደን ፈረምን።

አሁን ለጋሼ ታዬ መንገር ቀረ። ካናዳዊው በስልክ ነው የተናገረው፤ እኔም በስልክ።

"ጋሼ፣ እሁድ የሚጫወቱት ለግሌንዴል ነው።"

"ከግሌንዴል ጋር ማለትህ ነው" አሉ እያረሙኝ።

"አይደለም። የግሌንዴልን ማሊያ ለብሰው።"

"ማን ነው የወሰነው?"

"እኔ።"

"አንተ!" አሉ። "በማን ለወጥከኝ?"

"በአንድ በረኛና በአንድ ክንፍ።"

"በሁለት ሰው?" ድምፃቸው ላላ ያለ መሰለኝ። እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ። "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ መርዕድ" ብለው ዘጉት። እኔ ሞኙ አመሰገኑኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ወሬው ከእኔ አውቶቡስ ቀድሞ ፌርፋክስ ገባ። ተለወጠ አላሉም። ሸጠ ነው ያሉት። መርዕድ ሰው ሸጠ! ማንን? ጋሼ ታዬን! ለማን? ለአርመን! በአንድ ፍራሽ ተኝተው የማይነጋገሩት ልጆች እንኳ በዚህ ተስማሙ። ለቡድኑ ሳንድዊች የሚያዘጋጁት እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ አገኙኝና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

"አገራችን ያስቀረችውን ነገር አንተ አሜሪካ መጥተህ ትጀምረው? ይሄ ነው መማር?"

"እትዬ፣ የሆኪ ቡድኖች ሁሉ..."

"እነሱ ጥርስም የላቸውም!"

ሽምግልና ተጠራ። እዚያው ጋሼ ታዬ አፓርታማ፣ ፍራሾቹ ተነስተው ወንበር ተደርድሮ። ዳኛው ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ እዚህ ሆቴል በር ላይ ሻንጣ ይቀበላሉ። የተቀበልከው ምንድን ነው አሉኝ። ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ሽያጭ አይደለም፣ ልውውጥ ነው አልኩ። በምን ለወጥከው አሉ። በአርመን። አንድ ሀበሻ በአንድ አርመን? በሁለት አርመን አልኩ። ከጥግ አንዱ ቀስ ብሎ "እሱስ ደህና ነው" ሲል ሰማሁ፤ እትዬ ብርቄ ሲያዩት አቀረቀረ።

ከዚያ አስረዳኋቸው። መቆም መጥፎ አይደለም፤ ጋሼ መቆም ይችላሉ፣ ግሌንዴል ደግሞ የሚቆም ሰው አጥቷል። እዚህ ግን ሁሉም ባለዕዳቸው ነው። ኳሷን ይሰጧቸዋል፣ ቦታቸውን ይሰጧቸዋል፣ በመጨረሻ ሜዳውንም እንሰጣለን። ጋሼ ታዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ፊታቸው የተበደለ ሰው ፊት ነበር። የሚያምር ፊት ነው፤ እኔ እንኳ ሳየው በራሴ ላይ ልፈርድ ምንም አልቀረኝም።

ፍርዱ ተሰጠ። ከማናጀርነት ተነስቻለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ በወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ጋሼ እግር ላይ እንድወድቅ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? አንዱ ልጅ ግቢ ወርዶ ከቁልቋሉ ሥር የተደረደረውን ጌጥ ነቅሎ መጣ። ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። የአፓርታማው ጠባቂ ሴትዮ ከታች "ድንጋዬን መልሱ!" እያለች ትጮሃለች። ሁሉም እኔን ያያል።

አልተሸከምኩም። ምን አጥፍቼ? ጋሼ ወርቁን እንዲህ አልኳቸው፤ ዛሬም ቃል በቃል እደግመዋለሁ። "ጋሼ፣ እኔ ያደረግኩት ትክክል ነው። ትክክል በመሆኔ ልትቀጡኝ ትችላላችሁ። ይቅርታ ልታስጠይቁኝ ግን አትችሉም።" ተነስቼ ወጣሁ። ድንጋዩን ልጁ መለሰላት።

በማግስቱ ለካናዳዊው ነገርኩት። ሊገባው አልቻለም። "እነዚህ ሽማግሌዎች የሚጫወቱት የት ቦታ ነው?" አለኝ። ሁሉም ቦታ አልኩት። እንቁላሉን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር በሆኪ የለም አለ። አውቃለሁ አልኩት።

ነገር ግን አንድ ያላሰቡት ነገር ነበር። ወረቀቱ ተፈርሟል። ደረቁ እንግሊዛዊ ደግሞ የተፈረመ አይሰርዝም። እኔን አወጡኝ እንጂ ልውውጡን ማውጣት አልቻሉም። ጋሼ ታዬ ቀይ ማሊያ ለብሰው ግሌንዴል ገቡ። ቫርታንና የወንድም ልጅ የእኛን ማሊያ ለብሰው መጡ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? የመጀመሪያው እሁድ ልጆቹ ኳስ ሲያገኙ ቀና ብለው የተነሳውን እጅ ፈለጉ። የለም። ለማን ይስጡ? ቸገራቸው። ሲቸግራቸው ሮጡ። ዳንኤል ሮጦ ሮጦ ጎል ፊት ደረሰ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ የሚሰጠው ሽማግሌ ሲያጣ መታት። ገባች። ራሱ ደንግጦ ዳኛውን ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ አየሁ። ግቢ ውስጥ እንዳልገባ አልተከለከልኩም፤ ግን የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ እዚያ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ይቅርታ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ እስከ መጨረሻው እሁድ ደረሱ። የመጨረሻው ጨዋታ ከግሌንዴል ጋር ነው። ካልተሸነፉ ሜዳው የእኛ ነው። ከተሸነፉ ወረፋ ጠባቂዎቹ ጫማቸውን አስረው ዳር ቆመዋል። እያንዳንዱ ሀበሻ መጥቷል። የማይነጋገሩት ሁሉ ጎን ለጎን ቆመዋል። ግሌንዴል ጎሉ ፊት የሚያቆመው ሰው ደግሞ ጋሼ ታዬ ናቸው።

ልጆቼ ሌላውን አርመን ሁሉ ያዙት። ጋሼ ላይ ሲደርሱ ግን ጉድ ፈላ። ኳሷ ወደ ጋሼ ስትመጣ ተከላካዮቻችን ዘወር ብለው መንገድ ይለቃሉ! ሰው ቤት በር ላይ "ይለፉ" እንደሚባለው። አንዱ እንዲያውም ጎንበስ አለ። ጋሼ ባዶ ቦታ ላይ ቆመው ይመታሉ። ቫርታን ይወድቃል፣ ያድናል፣ ተነስቶ ተከላካዮቹን በአርመንኛ ያወርድባቸዋል። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙታል። እንደገና ኳሷ ትመጣለች። እንደገና ይለቃሉ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከክንፍ የተመለሰች ኳስ ጋሼ ራስ ላይ መጣች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጋሼ ዘለሉ። ስንሰማት የኖርነው ያች ጎል ልትገባ ነው። ሜዳው ላይ ያለ ሀበሻ ሁሉ፣ የእኛ ተጫዋች ጭምር፣ እንድትገባ የጓጓ መሰለኝ። ከአንድ ሰው በቀር። ቫርታን ፍራሽ ላይ አልተኛም። ኤርፖርት አልተቀበሉትም። መኪና አላዋሱትም። ወጥቶ ኳሷንም ጋሼንም አንድ ላይ ጠራረጋቸው። ኳሷ እጁ ላይ ቀረች፤ ጋሼ መሬት ላይ።

ከዚያ የሆነውን ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። የራሳችን ደጋፊ በራሳችን በረኛ ላይ ተነሳ። "ጋሼን ገፋቸው!" እትዬ ብርቄ የሳንድዊች ሣጥናቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ገሰገሱ። ተከላካዮቻችን ጋሼን ሊያነሱ ሮጡ፣ አቧራቸውን ሊያራግፉ። አርመኖቹም ጉድ ነው ብለው ቆመው ያያሉ። ዳኛው ግን አልነፋም። ቫርታን ኳሷን እንደያዘ ዙሪያውን አየ፣ ከሁሉም ሰው ውስጥ ጨዋታው ትዝ ያለው ሌላ አንድ ሰው አገኘ፤ የሃጎፕን የወንድም ልጅ። ወረወረለት። ልጁ ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ የአጎቱን ጎል መታ።

አንድ ለባዶ። ሜዳው ተረፈ።

ጩኸቱን አልነግራችሁም። ጋሼ ታዬን ነው ትከሻ ላይ ያነሱት። አዎ፣ በቀዩ የግሌንዴል ማሊያ! እሳቸውም ከላይ ሆነው ንግግር አደረጉ። ለቡድኑ ስል ራሴን መሥዋዕት አድርጌ ነው ወደ ባዕድ የሄድኩት አሉ። ተጨበጨበ። እትዬ ብርቄ አለቀሱ። ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ዛሬ ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ቫርታን ጥግ ላይ ይታያል፤ አፉ ክፍት ነው፣ አንዱን ሲሰድብ። እኔ የለሁም። አጥሩ ግን ይታያል።

ጨዋታው እንዳለቀ ጋሼ ወርቁና ሽማግሌዎቹ ወደ መኪና ማቆሚያው መጡ። ይቅር ብለንሃል አሉኝ። በምን አልኳቸው። ያለፈው አልፏል፣ ለመጪው ዓመት ታዬ ማናጀር ይሆናል፣ አንተም ረዳት ሆነህ ማሊያውን ትይዛለህ፣ ብቻ ሄደህ እግሩን ሳም አሉ።

"ሜዳውን ያተረፈላችሁ እኮ እኔ ያመጣሁት ሰው ነው" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ነው ያተረፈው" አሉ ጋሼ ወርቁ።

"እሱንም ሳንለውጠው አልቀረንም" አልኩ። አልሳቁም። እግር አልስምም አልኳቸው። አልሳምኩም። ዛሬ ድረስ አልሳምኩም።

ይህን ሁሉ ሃጎፕ መኪናውን ተደግፎ ያያል። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲሉ ቆቡን አውልቆ ቀረበ። በእኔው በረኛና በእኔው ወንድም ልጅ ያሸነፈኝን ሰው እፈልገዋለሁ፣ ማናጀር ላደርገው ነው አለ። ከዚያ ከእኔ የተማረውን ጥያቄ ጠየቀ። በምትኩ ማንን ልስጣችሁ?

ጋሼ ወርቁ እኔን አዩኝ፣ ሃጎፕን አዩ። "ምንም አንፈልግም፤ ይውሰደው" አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሸጠ ብለው የፈረዱብኝ ሽማግሌዎች በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ በረኛ እንኳ ሳይጠይቁ፣ እኔን ለአርመን ሰጡኝ።

ሃጎፕ መኪናው ውስጥ እስክንገባ አላመነም። ቁልፉን እንደያዘ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"በነጻ?" አለኝ።

"በነጻ።"

"ታዲያ ምን ጉድለት ቢኖርብህ ነው?"

"ይቅርታ አልጠይቅም" አልኩት።

"ቫርታንንም የሰጠሁት ለዚሁ ነበር" አለና ሞተሩን አስነሳ። "ሁለተኛ አልሳሳትም።"